ከመካከል በታች ሰው የማይኖርባት አገር

የአገሩን ስም ብነግራችሁ ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ጠይቃችሁም የሚመልስላችሁ አታገኙም። ስለዚህ ስሙ ይቅር። እኔ ራሴ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬበት፣ ግንቡን ገንብቼ፣ ልጄን አስተምሬበት፣ ነገሩ ሳይገባኝ ነው የወጣሁት። የምነግራችሁም እንዲገባችሁ አይደለም። ከእናንተ መካከል የገባው ሰው ካለ እንዲያስረዳኝ ብዬ ነው።

ቢተው እባላለሁ፤ ግንበኛ ነኝ። ወደዚያ አገር የሄድኩት ንጉሡ በከተማቸው ዙሪያ ረጅም ግንብ ሲያስገነቡ ግንበኛ ስላነሳቸው ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከጎኔ የማልለያት አንዲት ልጅ ነበረችኝ፤ ትርንጎ ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ይዣት ሄድኩ። ከፍ ስትል ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ቦታ ትከተለኝ ጀመር። አንድ ቀን ቅስት በር ስንሠራ የደገፍንበት እንጨት ተነሥቶ ድንጋዩ ብቻውን ሲቆም አየችና "አባዬ፣ ለምን አይወድቅም?" አለችኝ። እኔ የማውቀው እንደማይወድቅ ነው እንጂ ለምን እንደማይወድቅ አይደለም። አላውቅም አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሳቧ ሁሉ የድልድይ ቤት መግባት ሆነ። የድልድይ ቤት ማለት የግንብና የድልድይ ሥራ በትምህርት የሚሰጥበት ትልቅ ቤት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል፤ ያን ጊዜ ያልገባ ዕድሜውን በሙሉ አይገባም።

እኔ ባደግኩበት አገር የትምህርት ነገር ቀላል ነበር። ልጅ ካርዱን ይዞ ሲመጣ "ስንተኛ ወጣህ?" ይባላል። አንደኛ ከወጣ ይሳማል፤ ሃምሳ አራተኛ ከወጣ የት እንደሚደበቅ ራሱ ያውቃል። በዚያ አገር ግን "ስንተኛ" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ልጅ ከልጅ አይወዳደርም ይላሉ። በምትኩ መምህር ለእያንዳንዱ ልጅ ፊደል ይሰጣል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ከዚያ ዘሎ ረ። ሀ ያገኘ ግሩም ነው፣ ረ ያገኘ ወድቋል።

"ሠ የት ሄደች?" ብዬ የትርንጎን መምህር ጠየቅኩ። መምህርት ያምሮት ደግ ሴት ናቸው፤ ሲያፍሩ ጠመኔውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራሉ።

"ድሮ ነበረች ይላሉ። ወላጆች ሠናይ ማለት እየመሰላቸው ልጃቸው እያነሰ ደስ ስላላቸው ተነሣች" አሉኝ።

"ረ ሲያዩስ ርኅሩኅ ማለት አልመሰላቸውም?"

"አቶ ቢተው፣ እሱን እኔም አላውቅም።"

ፊደሉ በምን እንደሚሰጥም አልገባኝም። ትርንጎ ሒሳቧን አንድ ሳትሳሳት ሠርታ በማግስቱ ስላስገባች ለ ተሰጣት። በሳምንቱ ለክፍሉ ሁለት ፓኮ ጠመኔ ይዛ ስትሄድ ሀ ሆነች። የማታውቀው ሒሳብ ጠመኔው ውስጥ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩ። መምህርት ያምሮት ሣቁ።

ከፊደሉ ሌላ ደግሞ ልኬት የሚባል ነገር አለ። በልኬት ቀን መምህራን አፋቸውን ይይዛሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ፊደልና ቁጥር ሁሉ በጨርቅ ይሸፈናል፤ የላም ሥዕል እንኳ ይሸፈናል፤ ላሟን አይቶ የሚያስታውስ ልጅ ይኖራል ብለው ይሰጋሉ። ልጆቹ የሚሰጣቸው ትናንሽ ክቦች የተደረደሩበት ወረቀት ነው፤ ጥያቄውን አንብበው ትክክለኛውን ክብ ያጠቁራሉ። ማጥቆሪያው ሁለቴ የተቃጠለ ከሰል ብቻ ነው። አንዴ በተቃጠለ ከሰል የጠቆረ ክብ፣ ዐይናችን እያየው፣ ባዶ ነው ይባላል። ወረቀቱን የሚያርሙት ሩቅ ከተማ ያሉ፣ አንዱንም ልጅ አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። አይተውት ስለማያውቁ ነው የሚታመኑት። የድልድይ ቤትም የሚቀበለው በዓመቱ መጨረሻ ልኬት ዘጠናና ከዚያ በላይ ያመጣውን ነው። የመምህሩን ፊደል ለወጉ ያዩትና ወደ ጎን ያደርጉታል።

ትርንጎ አሥራ ሰባት የሞላት ዓመት ነው ጉዱ የመጣው። ንጉሡ ዘገባ ሲነበብላቸው የአገራቸው ልጆች ግማሾቹ ከመካከል በታች መሆናቸውን ሰሙ። ደነገጡ። በማግስቱ ነጋሪት ተጎሰመና ዓመቱ ሳያልቅ ከመካከል በታች የሚገኝ አንድም ልጅ እንዳይኖር ታወጀ። ሕዝቡ እልል አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም እልል ብያለሁ። ለእኔ ልጅ ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር።

አዋጁን እንዲያስፈጽም የመካከል ጠባቂ የሚባል ሹም ተሾመ። ስሙ ልሳኑ ነው፤ ዘንጉን እንኳ መካከሉ ላይ ይዞ ነው የሚሄደው። እሱም ልኬት በዓመት አንዴ መሆኑ ቀርቶ በየወሩ ይሁን አለ። ወላጅ ከትምህርት ቤቱ በር እንዳያልፍም ከለከለ፤ ወላጅ ሲያይ ልጅ ይረበሻል ተባለ። እኛ የምናውቀው በየወሩ የሚላክልንን ወረቀት ብቻ ሆነ።

የመጀመሪያው ወር ወረቀት ዘጠና ስምንት ይላል። ከመቶ ዘጠና ስምንት። ሳምኳት። ሁለተኛው ወር ዘጠና ስድስት፣ ሦስተኛው ዘጠና ሦስት። ትንሽ ደከም ብላለች ብዬ ዝም አልኩ። አራተኛው ወር ሰማንያ ሰባት ሲል ግን ጠራኋት፤ የድልድይ ቤት በር ዘጠና ላይ ነው።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም አልሆንኩም አባዬ። ሁሉንም መልሻለሁ።"

"ስንተኛ ወጣሽ?" የአገሬ ጥያቄ አመለጠኝ።

"አንደኛ።"

"በሰማንያ ሰባት?"

"አዎ። ልጆቹ እኮ እየቀነሱ ነው።"

"ስለ ሌላ ልጅ አልጠየቅኩሽም" አልኩና ወጣሁ።

አምስተኛው ወር ሰባ አምስት መጣ። አሁንም አንደኛ ነኝ አለች። ቅዳሜ ሥራ ቦታ መምጣት ቀረ፣ ቁጭ ብለሽ አጥኚ አልኳት። ስድስተኛው ወር ሃምሳ ሆነ። ከወረቀቱ ጋር አብሮ የመጣው የመምህሯ ፊደል እንደወትሮው ሀ ነው። አንዱ ወረቀት ግሩም ናት ይላል፣ አንዱ ግማሹን አታውቅም ይላል፤ ልጄ ደግሞ አንደኛ ነኝ ትላለች። ሦስቱን አንድ ላይ ማስታረቅ አቃተኝ። ግራ የገባው ሰው ደግሞ የሚቆጣው ቅርቡ ያለውን ነው። "አንቺ ውሸታም" አልኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ በክፉ ቃል ጠርቻት አላውቅም። ሳህኗን አንሥታ አጠበችና ደብተሯን ይዛ ተቀመጠች።

ሰባተኛው ወር ዜሮ መጣ።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይም ምንም የለም። ድንጋይ ቢከፋ ቢከፋ ግማሹ ይሰበራል እንጂ እንዴት ከነአካቴው ይጠፋል?

"ስንተኛ ወጣሽ?" አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"አንደኛ።"

"ከስንት?"

"ከአንድ።"

ተነሥቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ የበር ዘበኛውም አልከለከለኝም፤ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል። ክፍሉ ስልሳ አራት ወንበር ነበረው፤ መጀመሪያ ሳስመዘግባት ራሴ ቆጥሬዋለሁ። አሁን መሃል ላይ አንድ ወንበር አለ። መምህርት ያምሮት ጠመኔውን እያዛወሩ ሁሉንም ነገሩኝ። በየወሩ ወረቀቱ ከላይ ወደ ታች ይደረደርና ክምሩ ለሁለት ይከፈላል። የታችኛው ክምር ልጆች ከመካከል በታች ናቸውና፣ ከመካከል በታች ልጅ እንዳይኖር ስለታወጀ፣ ከቁጥር ይወጣሉ። ስልሳ አራቱ ሠላሳ ሁለት ሆኑ። በሠላሳ ሁለቱ ላይ ደግሞ አዲስ መካከል ተገኘ፤ አሥራ ስድስት ሆኑ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቀረች። የወጡት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አሮጌ ጎተራ ውስጥ ተቀምጠዋል። መምህርት ያምሮት በምሳ ሰዓት ተደብቀው እየሄዱ ያስተምሯቸዋል።

"ቁጥሩስ?" አልኩ። "ዘጠና ስምንት የነበረች ልጅ እንዴት ዜሮ ትሆናለች?"

"ቁጥሩ እኮ ስንት ጥያቄ እንደመለሰች አይደለም አቶ ቢተው። ከመቶ ልጅ ስንቱን እንደበለጠች ነው። ከሙሉ ቁጥሩ የሚተርፈውን ትርፍራፊ ይጥሉታል። ከስልሳ አራት አንደኛ ስትሆን ዘጠና ስምንት፣ ከስምንት አንደኛ ስትሆን ሰማንያ ሰባት፣ ከሁለት አንደኛ ስትሆን ሃምሳ።"

"ከአንድ ስትሆንስ?"

"ማንን ትበልጣለች?"

ያን ጊዜ አርባ ዓመት በእጄ የያዝኩት መለኪያ ገመድ ትዝ አለኝ። አንድ ድንጋይ ሁለት ክንድ ከሆነ፣ ሌላው ድንጋይ ሁሉ ተለቅሞ ቢሄድም ያው ሁለት ክንድ ነው። እኔ ይህን የማውቅ ሰው ልጄን ውሸታም አልኳት። ያን ጊዜ ያፈርኩት እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በቀጥታ ወደ መካከል ጠባቂው ሄድኩ። አቶ ልሳኑ ደስ ብሎት ነበር።

"እንኳን ደስ አለዎት" አለኝ። "በእርስዎ ልጅ ትምህርት ቤት ከመካከል በታች ማንም የለም።"

"ጌታዬ፣ ልጄ ሁሉንም ጥያቄ መልሳለች?"

"እሱ የሚጻፍበት መዝገብ የለንም።"

"የድልድይ ቤት ልትገባ ነበር። አንድ ልኬት ቀርቷታል።"

አሰበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። "ዘጠና እንድታመጣ ከዐሥር ሰው ዘጠኙን መብለጥ አለባት" አለ። "ከቁጥር የወጡት ልጆች አይመለሱም። ግን ሕጉ ስለ ተፈታኝ ዕድሜ ምንም አይልም። ዘጠኝ ሰው ያምጡ።"

"ከዚያ በኋላ ዘጠኙ ምን ይሆናሉ?"

"ክምሩ ይከፈላል። እኩል የሆነ ወረቀት ደግሞ አይነጣጠልም፣ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። የወረዱት ከቁጥር ይወጣሉ።"

ከቁጥር የወጣ ሰው በንጉሡ ግንብ ላይ አንድ ድንጋይ ማኖር አይችልም፤ የተቆጠረ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ይህን ሁሉ ለሥራ ባልደረቦቼ ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ስምንት ነበሩ።  ዘርጋው፣ የሁላችንም ታላቅ፣ እጁን በሱሪው ጠረገና "ቢተው ወንድሜ፣ ግንብ የትም አለ" አለኝ። ሌሎቹም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማልቀስ የግንበኛ ወግ አይደለም፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

ለትርንጎ አልነገርናትም። ብትሰማ እንደማትስማማ አውቃለሁ።

በመጨረሻው የልኬት ቀን ዘጠኝ ግንበኞች ኖራ ያልለቀቀው እጃችንን ይዘን የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሷል። ግድግዳው ተሸፍኗል። ትርንጎ ጀርባዋን ሰጥታን ከፊታችን ተቀምጣለች። እንዴት እንደምንወድቅ አስቀድመን መክረናል፤ ዘርጋው "ዝም ብዬ ባጠቁር ድንገት ልክ ልሆን እችላለሁ፣ ባዶ መስጠት ነው የሚያዋጣው" ብሎ ነበር፣ ያንኑ አጸደቅን። አቶ ልሳኑ "ወረቀታችሁን ግለጡ" አለ። ገለጥን።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ። አንዱ ጎን ሦስት ክንድ፣ ሌላው ጎን አራት ክንድ የሆነ ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው ገመድ ስንት ክንድ ነው ይላል። ይህንንማ መሠረት በጣልኩ ቁጥር እሠራዋለሁ። ማዕዘን የሚወጣው በእሱ ነው። እጄ ወደ ከሰሉ ሄደ፤ በሌላው እጄ ያዝኩት። ሁለተኛውን ባነብ ደግሞ የማውቀው ቢሆንስ ብዬ ፈራሁና ወረቀቱን ዘጋሁት።

ቀና ስል ትርንጎ ዞራ እያየችን ነው። በዐይኗ አንድ በአንድ ቆጠረችን። ሰባት ወር ሙሉ ክምሩ ሲከፈል ያየች ልጅ ናት፤ የሚነግራት አላስፈለጋትም። ወደ ፊት ተመለሰች፣ ከሰሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች። ልጮህ አማረኝ። በልኬት ቀን የሚናገር ሰው የሁሉንም ወረቀት ያሰርዛል።

በዚያ ቀን አራሚዎቹ ከሩቁ ከተማ መጥተው በር ላይ ይጠብቁ ነበር፤ አቶ ልሳኑ የድሉን ፍጻሜ በዐይኑ ማየት ፈልጎ ነው ያስመጣቸው። ዐሥሩን ወረቀት ተቀበሉ። አንዱን አዩ፣ ባዶ ነው። ሁለተኛውን አዩ፣ ባዶ ነው። ዐሥረኛው ጋ ሲደርሱ አቶ ልሳኑ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"እኩል ናቸው" አለ። "ዐሥሩም እኩል ናቸው። የሚከፈል ክምር የለም። ከመካከል በታች ማንም የለም፣ የወጣም የለም።" እንባው ወረደ። "ዐሥር ሰው ተቀምጦ አንድም ከመካከል በታች የለም።"

ወዲያው መልእክተኛ ወደ ቤተ መንግሥት ተላከ፣ ነጋሪት ተጎሰመ። እኛን ግንበኞቹን አቅፎ ሳመን። ለትርንጎ ወረቀቷን ሰጣት፤ ማንንም አልበለጠችምና ዜሮ ይላል። የድልድይ ቤት በር በዚያው ተዘጋባት። መምህርት ያምሮት ከጥግ መጥተው የዓመቱን ፊደል እንደወጉ ሰጧት። ሀ ነው። 

ሰዉ ወደ አደባባይ ሲጎርፍ እኔና ትርንጎ በጀርባ በኩል ወጥተን የቤታችንን መንገድ ያዝን። ብዙ ሄድን።

"ለምን?" አልኳት በመጨረሻ።

"ዘጠኛችሁንም ያወጧችሁ ነበር።"

"ተስማምተን እኮ ነው የመጣነው።"

"እኔን አልጠየቃችሁኝም።"

ልክ ናት፤ አልጠየቅናትም። እኔ ሰባት ወር ሙሉ ወረቀቱን ነበር የምጠይቀው። ቆምኩና "ውሸታም ያልኩሽን ይቅር በይኝ" አልኳት። መሬት መሬት አየች። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ሁለቱም የሚያደርጉት ይጠፋቸዋል።

"የመጀመሪያዋን ጥያቄ አንብቤያታለሁ" አልኩ።

"ጠይቀኝ።"

"ሦስት ክንድ፣ አራት ክንድ፣ የሚያገናኘው ገመድ።"

"አምስት።"

"ልክ ነሽ" አልኳት። አርባ ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው፣ ልክ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ሰው አያስፈልገኝም። ልጄ የምታውቀውን ነገር በራሴ ጆሮ ሰምቼ ስመዝን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ሁለተኛውን ጠይቀኝ" አለች።

ሁለተኛውን አላነበብኩትም። ከፊታችን ወንዙ አለ፣ ክረምቱ ሞልቶታል፤ ከራሴ አውጥቼ ጠየቅኳት። "ማዶው ገመድ የማይደርስበት ቢሆን፣ ስፋቱን በምን ትለኪዋለሽ?"

እኔ መልሱን አላውቀውም። ትርንጎ ወንዙን አየች፣ ማዶ ያለውን ዛፍ አየች፣ ከዚያ ስንጥር አነሣችና ቁጢጥ ብላ መሬቱ ላይ መሥመር ማስመር ጀመረች። እኔም አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።